በባዶ ግድግዳ ላይ የተዘረጋ መረብ

ኢንጂነር ታዲዮስ በመሥሪያ ቤታቸው የጸሎት ክፍል ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ከጉልበታቸው ሳይወድቅ ሞተው ከተገኙ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። በዚያ ሰኞ ጠዋት አቶ ገብረመድህን ከናይሮቢው ኪሌሌሽዋ ሰፈር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተጠሩ፤ የተጠሩት ግን ለአስተርጓሚነት ብቻ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት በአዲስ አበባ የነፍስ ግድያ ሲመረምሩ የኖሩ ሰው፣ በሰባ አራት ዓመታቸው የሰው ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እንዲያሻግሩ መጠራታቸውን እንደ ውርደት አልቆጠሩትም። ውርደት የሚሉት ሥራን በግማሽ ሠርቶ ሙሉ ነው ማለትን ነበር፤ በዚህ ረገድ የዛሬው ዓለም በጠቅላላ የተዋረደ ሆኖ ይታያቸዋል። ክራቫታቸውን አጥብቀው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በዌስትላንድስ የመኪና ወረፋ መካከል ማንንም ሳያዩ በእግራቸው ሄዱ።

ተጠርጣሪዋ አስካለ ትባላለች። በኢንጂነር ታዲዮስ መሥሪያ ቤት የምታጸዳውና ምሳ የምታበስለው እርሷ ነበረች። አስከሬኑ ሲመረመር ሟቹን የገደላቸው የከሰል ጭስ ወይም የሞተር ጭስ የሚያወጣው መርዘኛ አየር መሆኑ ታውቋል። በዚያ ቅዳሜ ደግሞ በግቢው ከሰል ያቀጣጠለች እርሷ ብቻ ናት። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

«ያየሽውንና የሰማሽውን አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ» አሏት።

«አባቴ፣ ስንቴ ልናገር? ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ታዲዮስ ጾመው ይጸልዩና በሰባት ሰዓት ምሳ ይበላሉ። እኔ ማዕድ ቤት ሽንኩርት አቁላላለሁ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሻይ ውሃ በኤሌክትሪክ ጣድኩ። ያ ሞተር ደግሞ እንደ ጉድ ሲጮህ አረፈደ። በሰባት ሰዓት ባንኳኳ ዝም፤ ደግሜ ባንኳኳ ዝም።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ሐሴት ልጄ ጎረቤት ናት። እኔ ብታሰር ማን አላት?»

አቶ ገብረመድህን ጣታቸውን ፊታቸው ባለው መዝገብ ላይ አሳረፉ። አስከሬኑ በተገኘበት ቅዳሜ የተወሰደው ቃሏ በእንግሊዝኛ ሰፍሯል፤ ያስተረጎመው የመሥሪያ ቤቱ ወጣት መሐንዲስ ቶሚ ነው። እዚያ ላይ የተጻፈው «በመንገድ ላይ ፒኪፒኪ ሲጮህ ሰማሁ» ይላል፤ ፒኪፒኪ በስዋሂሊ ሞተር ብስክሌት ነው።

«የምን ሞተር ነው የጮኸው?»

«ሞተሩ ነዋ! የመብራቱ፤ ጓሮ ያለው።»

«ጄኔሬተሩ ነው የምትይው?»

«እሱን ነው። እኛ አገር ወፍጮ ቤት ያለውንም ሞተር ነው የምንለው፤ ሌላ ምን ይባላል?»

ናይሮቢ ተወልዶ ላደገው ልጅ ሞተር ማለት በየጎዳናው የሚከንፈው ባለ ሁለት እግር ነው። እናም አንድ ጄኔሬተር በአንድ ቃል ስሕተት ከግቢው ወጥቶ መንገድ ለመንገድ ሄዶ ነበር።

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«የት ጠፋ! ውሃውን በኤሌክትሪክ ጣድኩ አላልኩም? ሌላ ቅዳሜ ለሙከራ አሥር ደቂቃ ያስነሡታል። ያን ቀን ግን ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት አላቋረጠም።»

«ማን አስነሣው?»

«አላየሁም። የጓሮው መግቢያ በኋላ መንገድ በኩል ነው። ቁልፉ ያላቸው ጋሼ፣ ባለቤታቸው እትዬ ኤልሳቤት፣ ወንድም ሕዝቅያስና ቶሚ ናቸው። ለእኔማ ማን ይሰጠኛል?»

መዝገቡን የያዘችው ኢንስፔክተር ምዌንዴ ነበረች፤ ትጉህ፣ ፈጣን፣ ለሽማግሌ ክብር የምትሰጥ ሴት። የተባለውን በእንግሊዝኛ ሲነግሯት ጥቂት አሰበችና ከመሳቢያዋ አንድ ጥራዝ አወጣች።

«ምዜ» አለች፣ ሽማግሌን በስዋሂሊ አክብራ እየጠራች፣ «እኔ በግምት አልሠራም። ይህ ሳይንስ ነው። የክፍሉ አየር በኮምፒውተር ተሰልቶ የቀረበ ሪፖርት ነው።»

ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንደ እሳት ምላስ የቀላ ጭስ ከማዕድ ቤቱ ተነሥቶ፣ በጸሎት ክፍሉ በር ሥር ሾልኮ፣ ሟቹ የተቀመጡበትን ወንበር ሲከብ ይታያል። አቶ ገብረመድህን ለሕፃን የተሣለ መጽሐፍ እንደ ተሰጠው ሰው አገላበጡት።

«ምድጃው ላይ አጎንብሳ ያቁላላችው ሴት በሕይወት አለች፤ ከተዘጋ በር ወዲያ የተቀመጠው ሰው ሞተ። ጭሱ ሰው ያማርጣል ማለት ነው?»

«ማዕድ ቤቱ መስኮት አለው፤ የጸሎት ክፍሉ የለውም። መልሱ ገጽ ዘጠኝ ላይ አለ።»

«ይህን ሥራ ማን አዘዘ?»

«ማንም። የኢንጂነር ታዲዮስ ምክትል፣ ሚስተር ሕዝቅያስ፣ ለፍትሕ ሲሉ በነጻ አቀረቡልን።»

«እንግዲህ የሟቹ መሥሪያ ቤት የሟቹን አሟሟት መርምሮ ጥፋቱን በምግብ አብሳይዋ ላይ ጣለ፤ መንግሥትም አመስግኖ ተቀበለ።»

ኢንስፔክተሯ ሞኝ አልነበረችም፤ ቀለም አታሏት ነበር እንጂ። በመጨረሻ «እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ አለዎት፤ ከዚያ በኋላ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል» አለች።

መሥሪያ ቤቱ በዌስትላንድስ ፎቆች መካከል ተረስቶ የቀረ አሮጌ ቪላ ነው። ሥራውም አየርን መተንበይ ነው፤ ሕንጻ ከመሠራቱ በፊት ነፋሱ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ያሰላል። ቶሚ በሩ ላይ ተቀበላቸው።

«ካሪቡ ሳና፣ ጋሽ ገብሬ!»

«ስሜ ገብረመድህን ነው። ግማሹን የምታስቀረው ለማን ልትሰጥበት ነው?»

ልጁ ደነገጠ። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው፤ ጥፋት ከሠራም አውቆ የሠራው አይመስልም። ስለ ፒኪፒኪው ሲነገረው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ኦ ማይ ጎድ። እኔ እኮ ሞተር ስትል…»

«ልቅሶውን ተወውና ሥራችሁን አስረዳኝ። ይህ ኮምፒውተር አየርን እንዴት ያየዋል?»

«አያየውም። ክፍሉን በትንንሽ ሳጥን ቆራርጠን እንሰጠዋለን። እሱ በየሳጥኑ ያሰላል፤ ነፋሱ ወዴት ነው፣ ፍጥነቱ ስንት ነው። ሳጥኖቹ አንድ ላይ ሲሆኑ ሜሽ እንላቸዋለን።»

«መረብ በለው። ሳጥኖቹም የመረቡ ዓይኖች ናቸው።»

«ሳዋ፣ እሺ፣ መረብ። ዓይኑ ሰፊ ከሆነ ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ግን ቀጭን ነፋስ ያመልጥሃል፤ ሶሪ፣ ያመልጥዎታል።»

«ሁሉንም አጥብቦ መዘርጋትስ?»

«ማሽኑ አይችለውም፤ ወር ይፈጃል። ስለዚህ መምረጥ ነው። ነፋስ በሚገባበት ቀዳዳ ታጠባለህ፤ ባዶ ግድግዳ ላይ ታሰፋለህ። ቦስ፣ ማለት ኢንጂነር ታዲዮስ፣ በቀዳዳ ውስጥ ከአሥር ዓይን በታች ካዩ ሥራውን መልሰው ይወረውሩልን ነበር።»

አቶ ገብረመድህን ይህን ሲሰሙ ሪፖርቱን ከኋላ ገለጡት። የመጨረሻው ገጽ ቀለም የለበትም፤ የጸሎት ክፍሉን መረብ የሚያሳይ ግራጫ ሥዕል ነው።

«ይህን ገጽ ሰው ያነበዋል?»

«ማንም! ደንበኛ ሁሉ ቀለሙን አይቶ ይሄዳል። ግን ያለዚያ ገጽ ሪፖርት እንዳይወጣ ቦስ ደንብ አውጥተዋል፤ ፎርሙ ራሱ አያሳልፍም።»

ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው የማጉያ መስተዋት አወጡ። በሩ ሥር፣ ሪፖርቱ ሞት ገባበት በሚለው ክፍተት ውስጥ፣ ዓይኖቹን ቆጠሩ። ሁለት ናቸው። ከዚያ መስተዋቱን በግድግዳዎቹ ላይ ቀስ ብለው ነዱት። ከወንበሩ ጀርባ፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። የቀለም ጠብታ ትመስላለች። በመስተዋቱ ሲያዩዋት ግን መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦ ያጠቆራት፣ እጅግ የጠበበ መረብ ነበረች።

«እዚህ ምን አለ?»

ቶሚ አጎነበሰ። «ስትሬንጅ። እዚያ ግድግዳ ብቻ ነው። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ፤ ምንም የለም።»

«መረቡንም አንተ ዘረጋኸው?»

«ኖ። እኔ የክፍሉን ሥዕል ብቻ ሐሙስ ማታ ላክሁ። አርብ ጠዋት ሪፖርቱ ፖሊስ ጋ ደረሰ።»

«እንዲህ ያለ መረብ ለመዘርጋት ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ልጁ ሥዕሉን እንደገና አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በእጅ ከሆነ ሁለት ቀን። ስሌቱን ኮምፒውተሩ በአንድ ሌሊት ይጨርሳል፤ መረቡን ግን አይችልም።»

ከዚያ ወደ ሟቹ መኖሪያ፣ ላቪንግተን ወደሚባለው ሰፈር ሄዱ። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ኤልሳቤት ጥቁር ለብሰው፣ ጀርባቸው ሳይጎብጥ ተቀብለዋቸዋል። በዚያ ቅዳሜ ረፋድ ከመዘምራን ጋር ልምምድ ላይ ነበሩ፤ ምስክራቸው አርባ ሰው ነው። አቶ ገብረመድህን ያን በአንድ ጥያቄ ጨርሰው ወደ ሌላ አለፉ።

«የሞተር ጭስ ይሸታል። ባለቤትዎ እንዴት ሳይነቁ ቀሩ?»

«ታዲዮስ ከዚያ ከወረርሽኙ ዓመት ወዲህ ሽታ አይለይም። ወጥ አርሮ ቤት ሲታፈን እንኳ አያውቅም። መሥሪያ ቤት ሁሉም ይቀልዱበት ነበር።»

«በመጨረሻው ሳምንት ያስጨነቃቸው ነገር ነበር?»

«ስለ አንድ ክሊኒክ ሥራ ያወራ ነበር። የሳንባ ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል ነው። "መረቡ ውሸት ነው፤ ነርሶቹ የሕሙማኑን ትንፋሽ ሊምጉ ነው" ይል ነበር። ማን እንደ ሠራው ስጠይቀው "ወንድሜን ሳልጸልይበት አልከሰውም" አለኝ። ቅዳሜ ሊጸልይ፣ ሰኞ ለመሐንዲሶች ቦርድ ሊጽፍ ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ሁሉም ወንድም ነው፤ ከዚህ ቃል ምን ይገኛል?»

«የጸሎት ክፍሉ አዲስ ቀለም መቀባቱን በበሩ በኩል ስመለከት አይቻለሁ።»

«ሕዝቅያስ ነው ያስቀባው፤ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ። ለመታሰቢያ ነው አለ። እኛ እኮ ተዝካር የለን፣ ለሙት መታሰቢያ አናቆም። ገረመኝ። ግን ሐዘን ላይ ሆኖ ማን ይከራከራል?»

ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመልሰው ሕዝቅያስን የሟቹ ቢሮ ውስጥ አገኙት። የአርባ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ድምፁ የሰባኪ፣ ጫማው የሙሽራ። በታዲዮስ ቀብር ላይ የጸለየው እርሱ ነበር፤ አሁንም የሟቹ የቢሮ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ዘጠኝ ቀን አልፈጀበትም።

«ጌታ ይባርክዎ፣ ጋሼ!»

«ሥራዬን ከጨረስሁ በኋላ ይባርከኝ። ሪፖርትህን አየሁት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።» ይህን ሲሉ አልዋሹም። «ሥዕሉን ቶሚ ሠራው አሉኝ። መረቡንም ለእርሱ ተውክለት?»

ሕዝቅያስ ሣቀ። «ለቶሚ? ቶሚ መስመር ማስመር ይችላል። መረብ መምረጥ ግን ጥበብ ነው፣ ጋሼ፤ የልጅ ሥራ አይደለም። ሐሙስ ማታ ተቀመጥሁ፣ አርብ ጠዋት ተነሣሁ። እያንዳንዷን ዓይን ያስቀመጥኋት እኔ ነኝ።»

«እያንዳንዷን?»

«እያንዳንዷን!»

«እንዳልረሳው ይህንኑ በገጹ ላይ ጻፍልኝ።»

ጻፈ፤ ፈረመበትም። ትምክሕተኛ በሌላው ሁሉ ቢቆጥብ በፊርማው አይቆጥብም።

«ያን ቅዳሜ ጄኔሬተሩ ሲሠራ አርፍዷል ይባላል» አሉት ባርኔጣቸውን እያነሡ።

«እኔ ቤቴ የእሑድ ስብከት ሳዘጋጅ ነበር። አስካለ ናት ያለችው? ምስኪን፤ የምትለውን አታውቅም። እጸልይላታለሁ።»

በአሥር ሰዓት ሁሉም በጸሎት ክፍሉ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ኤልሳቤት ከበሩ አጠገብ፣ ቶሚ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሕዝቅያስ እጁን አጣምሮ፣ አስካለ ከአንዲት ሴት ፖሊስ ጋር ቆሙ። ኢንስፔክተር ምዌንዴ መዶሻና መሮ የያዘ ፖሊስ አስከትላለች፤ አቶ ገብረመድህን ያዘዙትን ለምን እንዳዘዙ አልነገሯትም። የሟቹ የጸሎት ወንበር በቦታው ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

ሽማግሌው በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ ችኮላ በሌለበት ድምፅ ጀመሩ።

«ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛው የአስካለ ቃል ነው። መብራት ሳይጠፋ ጄኔሬተር ሦስት ሰዓት ሙሉ ሠርቷል። መብራት እያለ ጄኔሬተር የሚያስነሣ ሰው መብራት አይደለም የፈለገው፤ ጭሱን ነው። ጄኔሬተሩ ያለው ደግሞ ከዚህ ግድግዳ በስተጀርባ ነው። ሟቹ ሽታ እንደማይለዩም በዚህ ቤት የማያውቅ የለም።»

«ጭሱ ግድግዳ በስቶ ነው የገባው?» አለ ሕዝቅያስ ፈገግ ብሎ።

«እርሱን ልነግርህ ነው፤ አትቸኩል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ አንተ ደግሞ አፍስሰህ መልቀሙንም ረሳህ።» ሪፖርቱን ከኋላ ገለጡት። «ሁለተኛው ይህ መረብ ነው። ዓሣ አጥማጅ መረቡን የሚያጠበው ዓሣ አለ ብሎ በሚያምንበት ቦታ ነው። ሪፖርቱ ጭሱ በበሩ ሥር ገባ ይላል። በበሩ ሥር ስንት ዓይን አለ? ሁለት። ቶሚ፣ ደንባችሁ ስንት ይላል?»

«አሥር። ቢያንስ» አለ ቶሚ።

«እንግዲህ ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ራሱ ጭስ በበር ይገባል ብሎ አላመነም። እዚህ ባዶ ግድግዳ ላይ ግን፣ ሰው ቢፈልግ ምንም በማያገኝበት ቦታ፣ መረቡ እስኪጠቁር ድረስ ጠቧል። ባዶ ግድግዳ ላይ ምን ሊያጠምድ ነበር?»

ሕዝቅያስ እጁን ፈታ። «ጋሼ፣ ይህ የእርስዎ ሙያ አይደለም። ፕሮግራሙ አንዳንድ ጊዜ በራሱ ያጠባል። ቀላል የኮምፒውተር ስሕተት ነው።»

አቶ ገብረመድህን ገጹን ወደ ኢንስፔክተሯ አዞሩት። «"እያንዳንዷን ዓይን ያስቀመጥኋት እኔ ነኝ" ይላል። ጽሑፉ የእርሱ፣ ፊርማውም የእርሱ፣ ቀኑም የዛሬ ነው። ከሰዓት በፊት ጥበብ የነበረው ከሰዓት በኋላ ስሕተት ሆነ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት ቢያንስ ለማደር ጊዜ ይሰጡታል፤ የዚህ ሰው ግን ሳያድር ቀለለ።»

ቶሚ ሳያስበው ሣቀና አፉን ያዘ።

«ሦስተኛው ጊዜው ነው። የክፍሉ ሥዕል ሐሙስ ማታ ደረሰው፤ ሪፖርቱ አርብ ጠዋት ወጣ። ይህ መረብ ግን የሁለት ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር። ማንም ባልሞተበት ጊዜ፣ ማንም ባላዘዘው ሰዓት፣ ይህ ሰው በዚህ ክፍል ውስጥ ጭስ በአንዲት ቀዳዳ ገብቶ አንድ ሰው ለመግደል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት አስልቷል። ከገደለ በኋላ ቀዳዳውን ከሥዕሉ ላይ ፋቀ፤ ከግድግዳውም ላይ ፋቀ፤ ቀለም ቀብቶ መታሰቢያ ብሎ ሰየመው። መረቡን ግን አልነካውም። እንደገና መዘርጋት ሁለት ቀን ይፈጃላ! ማን ያየዋል ብሎ ታከተው።»

የክራቫታቸውን መያዣ አስተካክለው ከኪሳቸው ማስመሪያ አወጡ። «የሥዕሉ ልክ አንድ ለሃያ ነው። ከማዕዘኑ አምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል፤ በሃያ ሲባዛ አንድ ሜትር ከአሥር። ከወለሉ ሁለት ሴንቲ ሜትር፤ አርባ ይሆናል።» በእርሳስ መስቀል ምልክት አደረጉና ለፖሊሱ ቦታ ለቀቁ።

መዶሻው ሁለት ጊዜ ሲያርፍ ልስኑ እንደ ቂጣ ተገመጠ። ውስጡ ገና ያልነጣ፣ እርጥበት ያለው ሲሚንቶ ነበር። በአራተኛው ምት መሮው ሰምጦ ቀረ። ቀዳዳው የክንድ ውፍረት አለው፤ የድሮ የውሃ ማሞቂያ ቧንቧ ያለፈበት ነው። ፖሊሱ ጣቱን አስገብቶ ሲያወጣ ጥላሸት ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ኤልሳቤት ወደ ሕዝቅያስ ተራመዱ።

«ሊጸልይልህ ነበር እኮ የገባው» አሉ። «ስምህን ለእኔ እንኳ ሳይነግረኝ። እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠው ስለ አንተ ሊጸልይ ነበር።»

ሕዝቅያስ ቀዳዳውን አየ፣ በሩን አየ፣ በበሩ ላይ ፖሊስ መቆሙን አየ። ከዚያ ያ የሰባኪ ድምፅ ተሰበረ። «ያጠፋኝ ነበር! በአንድ ደብዳቤ የሃያ ዓመት ስሜን! ለአንድ ክሊኒክ፣ ለአንድ ሰፊ መረብ! ሁሉም ሰው ያሰፋል፤ ሁሉም!»

አቶ ገብረመድህን እስኪጨርስ ጠበቁት። የተመለከቱት በጥላቻ እንኳ አልነበረም፤ ጥላቻ ግምት የሚሰጡት ሰው ይፈልጋል።

«ለነርሶቹ መረብህን አሰፋህ፤ ትንፋሽ ቢመርዛቸው ግድ አልነበረህም። ለአስካለ በር ሁለት ዓይን በቃት አልክ፤ ያለ ጥፋቷ ብትታሰር ግድ አልነበረህም። መምህር አስተምሮህ፣ ታዲዮስ እጅህን ይዞ አርሞህ፣ በዕድሜህ አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ደንቡ ጠንቅቀህ ሠራህ፤ እርሱም ሰው ለመግደል ነበር። ታዲዮስ ቢያየው ያን አንዱን ገጽ ያሳልፍልህ ነበር።»

እጁ ታሰረ። ወደ ውጭ ሲወስዱት ያ የሙሽራ ጫማ ልስኑን እየረገጠ ነጭ ዱካ ጥሎ ሄደ።

ኢንስፔክተር ምዌንዴ የአስካለን መዝገብ ከፈተች። «ምዜ፣ እለቃታለሁ። አሁኑኑ።»

«መጀመሪያ ቃሏን አቃኑላት» አሉ አቶ ገብረመድህን። «ሰው ያላለውን ብሏል ተብሎ ተጽፎበት ነጻ አይወጣም።»

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን አንሥታ «ፒኪፒኪ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘች፤ በላዩም «ጄኔሬተር» ብላ ጻፈች። ቶሚ አንገቱን ደፍቶ በጎኑ ፈረመ፤ ከእርሱ በታች ሽማግሌው በአስተርጓሚ ቦታ፣ ሙሉ ስማቸውን አንድም ፊደል ሳያስቀሩ ፈረሙ።

አስካለ አላመነችም ነበር። «ጨረስን፣ አባቴ?»

«ጨረስን። ስንት ሰዓት ነው ልጅሽ ከትምህርት ቤት የምትወጣው?»

«አሥር ተኩል።»

ሰዓታቸውን አዩ። «እንግዲያው ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ሂጂ እንጂ!»